መምህር ይመር የኮራብን ዓመት

የይመርን መሞት የነገረችኝ የሻይ ቤት አስተናጋጅ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ደሴ፣ ልጄ ዘንድ ነው። ባለፈው ክረምት የቤቴን ካርታ ጉዳይ ለመጨረስ ወደ መካነ ሰላም ሄጄ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ልጅቱ ብርጭቆውን እያስቀመጠችልኝ፣ «ቲቸር፣ ያ ዓይነ ስውሩ የሒሳብ መምህር አረፈ እኮ፤ አልሰሙም? ሦስት ቀን እንኳ ሳይታመም!» አለችኝ።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ያለቅሳል። እኔ ግን ተቆጣሁ። «ዓይነ ስውር አልነበረም!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቱ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ዕንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጣዬ ግን እስካሁን አልበረደም። ይመር አንድም ቀን ዓይነ ስውር ሆኖ አያውቅም። የሱ ችግር አለማየት ሳይሆን አንዱን ነገር አምስት ስድስት አድርጎ ማየት ነበር። ይህን ሰው ሁሉ በትክክል እንዲያውቅለት እፈልጋለሁ፤ በተለይም አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን ካጠፋነው ሰዎች ዋናዋ እኔ ስለነበርኩ።

ይመር ከከላላ ተመድቦ ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጣ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፤ የኔና የሱ ክፍል ጎን ለጎን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ሲለኝ፣ «ምነው፣ አያትህ አደረግኸኝ?» ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ወዲህ እንደ ታላቅ እህቱ «እትዬ አስካል» እያለ አንቺ ይለኝ ጀመር።

ስለ ማስተማሩ ልናገር ብል ብዙ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለ ኮምፓስ፣ ያለ ገመድ፣ ክንዱን አንዴ ብቻ አዙሮ ክብ ይስላል። ልጆቹ በማስመሪያ ለክተው ስህተት ሊያገኙበት ሞክረው ሞክረው ትተውታል። «ቲቸር ኮምፓስ ውጠዋል» ይላሉ። እሱ ደግሞ ክቡን ስሎ ሲጨርስ ዞር ብሎ፣ «እህሳ፣ ማን ነው ከዚህ ውስጥ መውጫ በር የሚያገኝልኝ?» ይላል። ክብ በር እንደሌለው የሚያውቀው ልጅ ሁሉ ይስቃል፤ ትምህርቱም በሳቅ ይጀመራል።

ከሁሉ በላይ የታወቀው ግን በሰላምታው ነበር። በኛ አገር ሰላምታ ተወርውሮ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቆም ተብሎ የቤቱ፣ የልጁ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ደኅንነት ይጠየቃል፤ እስላሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ በየራሱ አምላክ ይመርቃል። ይመር በዚህ ከሁላችንም ይብስ ነበር። ሰው ለማግኘት መንገድ ይሻገራል። በቅሎ ላይ ያሉ ሽማግሌ ካየ ሮጦ ልጓም ይይዛል። ከሱ ጋር እስከ ገበያ መሄድ ማለት ለአሥር ደቂቃ መንገድ አንድ ሰዓት መመደብ ማለት ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ቃሪያው ሳያልቅ እንድረስ እንጂ» ብዬ ስንቴ እጁን ጎትቼዋለሁ!

ታዲያ ይህ ሰው ሰላምታ መንሳት ጀመረ።

መጀመሪያ ልብ ያሉት የተማሪ ወላጆች ናቸው። ከሩቅ እጃቸውን ሲያነሱለት ዝም ብሎ ያልፋል። አንዱ አባት ፊት ለፊቱ መጥቶ ጎንበስ ቢልለት ቀና ብሎ እንኳ አላየውም አሉ። ቆቡን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ መንገዱን ጥግ ጥግ ይዞ፣ ሰው ባለበት ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነው የሚሄደው። አፍንጫውን የነፋ ነበር የሚመስለው። «ማስተርሱን ሊማር ነው አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ነው የኮራው» ተባለ። ሌላው፣ «ከትልቅ ቤተሰብ ሊያገባ ስለሆነ ነው» አለ። ስሙን ጠርተው ሰላም ካሉት ይመልሳል፤ እንዲያውም እንደ ድሮው አስረዝሞ ይመልሳል። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ሲፈልግ ሰላም የሚል፣ ሳይፈልግ የሚንቅ ሰው ሆነና ቁጭ አለ።

እኔ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። የኔ እናት ስታርፍ ግን አመንኩ።

ድንኳን ተተክሎ ለቅሶ ላይ ተቀምጠናል። ይመር መጣ። ጥግ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠና አጠገቡ ላለው ሰው፣ «አላህ ያጥናችሁ» ብሎ ተነሣ። ሲወጣ ከኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ አለፈ። ቀና ብዬ ጠበቅሁት። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ፊቴ አብጦ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ እሱም ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ አየኝ ብዬ ነው የማምነው። ከዚያ ምንም ሳይለኝ ሄደ።

እናቴን ከቀበርኩበት ሐዘን ይልቅ ያ ያንገበግበኝ የነበረ ቀን አለ ብል ውሸት አይሆንብኝም። ከለቅሶ ስመለስ ዝም አላልኩም። ምላሴን የሚያውቅ ያውቀዋል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በሻይ ሰዓት፣ በስብሰባ መሐል ሳይቀር፣ «ከላላ እንዲህ ያለ ኩሩ አብቅላ አታውቅም፤ እኛ ነን ያበላሸነው» እላለሁ። ሌሎቹ ይስቃሉ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ አላቆምም።

ስንት ምልክት ነበረ! አሁን ሳስበው አፍራለሁ። የልጆቹን ደብተር ማረም ትቶ፣ «ቁሚና ያሰብሽበትን መንገድ ንገሪኝ» ማለት ጀምሯል። እኔ «እርማት ሰልችቶት ነው» አልኩ። ልጆቹ ከተመደበላቸው ወንበር እንዳይነሡ ይከለክላል። «ጌታ ሆነ» አልኩ። በሁለት እጁ ሁለት ጠመኔ ይዞ ነው የሚውለው፤ ለካ ዓይኑን እንዳያሽ እጆቹን ሥራ ማስያዙ ነው። እንደ ድሮው ክቡን አንዴ አዙሮ ይስላል፤ ክንዱ ስለሚያውቀው ዓይን አያስፈልገውም። ያ ክብ ነው ሁላችንንም ያታለለን። እንዲህ የሚስል ሰው አያይም ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የወላጆች ቅሬታ በዛና ርዕሰ መምህሩ ይመርን ጠሩት። «ኅብረተሰቡ አንተን አልፈልግም እያለ ነው። ወይ ታረቅ፣ ወይ ወደ ሌላ ወረዳ ዝውውር እጽፍልሃለሁ» አሉት። ይመር ዝውውር ማለት ለሱ ምን እንደሆነ ያውቃል። እዚህ እያንዳንዱን ደረጃ፣ እያንዳንዱን በር፣ የእያንዳንዱን ልጅ ድምፅና ወንበር በቃሉ ይዟል። ሌላ ትምህርት ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን ዓይኑ ይታወቅበታል። ዓይኑ ከታወቀ ደግሞ ከሰሌዳው ይነሣል፤ እሱ የሚያምነው እንደዚያ ነበር። ልጅ ሆኖ ከላላ ሲማር፣ ዓይኑ የደከመ አንድ መምህር ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተወስዶ ጡረታው እስኪደርስ የተሰበረ ወንበር ሲጠብቅ አይቷል። የመምህር ጉብዝና በተነሳ ቁጥር፣ እሱ ያንን መምህር ነበር የሚያነሳው፤ «ከኛ ሁሉ በላይ ያውቅ ነበር፤ ቁልፍ አስያዙት» ይል ነበር። ለምን እንደሚያነሳው አልገባኝም ነበር።

ስለዚህ፣ «እታረቃለሁ» አለ።

ሽምግልናው በሸህ እንድሪስ ቤት ተደረገ። ሸህ እንድሪስ ቁርኣን እያስቀሩ ልጆች የሚያስተምሩ፣ ከተማው እስላም ክርስቲያን ሳይል የሚሰማቸው ሰው ናቸው። ከጎናቸው ቄስ መላኩ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስንት የተጣላ ባልና ሚስት፣ ስንት የድንበር ጠብ አብረው እንዳስታረቁ አገር ያውቃል። ርዕሰ መምህሩ አሉ፤ ሁለት ወላጆች አሉ፤ እኔ ከነጥቁር ልብሴ አለሁ። ከኔ ጎን ሻይ ስታቀርብ ቆይታ የሸሁ ልጅ ጦይባ ተቀመጠች። ጦይባም ጥቁር ሽርጥና ጥቁር ሻሽ ለብሳለች፤ ለሷ የዘወትር ልብሷ ነው። ከጀርባችን በሩ ክፍት ነው፤ የረፋድ ፀሐይ በሱ በኩል ይገባል።

ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፣ ቄስ መላኩ ጸለዩ። ከዚያ ሸሁ፣ «ልጄ ይመር፣ ሰላምታ የአላህ ነው፤ የሰው ገንዘብ አይደለም። ለምን ትነሳለህ?» አሉት።

ይመር መሬት መሬት እያየ፣ «አጥፍቻለሁ አባባ። ኩራት አደረብኝ» አለ።

ክርክር ጠብቄ ነበር፤ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር መሰላችሁ! «ኩራት አደረብኝ» ብሎ በሁለት ቃል ዘጋው።

«ከሁሉ የጠነከረው ቅሬታ የእታለም አስካል ነው» አሉ ቄስ መላኩ። «በእናቷ ለቅሶ አልፈሃት ሄድክ። ተነሥና ይቅርታ ጠይቃት።»

ይመር ተነሣ። ቀስ ብሎ፣ እግሩ የሰው እግር እንዳይነካ እየፈራ ወደኛ መጣ። ከበሩ በሚገባው ብርሃን ምክንያት ዓይኑን አጨናብሷል። ከጦይባ ፊት ቆመ፣ ተንበረከከ፣ ጉልበቷን ያዘ።

«እትዬ፣ እናትሽ ስታርፍ አጠገብሽ ቆሜ ማጽናናት ሲገባኝ አልፌሽ ሄድኩ። እናትሽ ለኔም እናቴ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። አውፍ በይኝ» አለ።

ጦይባ ብርጭቆውን ከነሻዩ ለቀቀችው። «ያረቢ! የማን እናት ነው የሞተችው? እናቴ ጓዳ ናት!»

ከጓዳም የሸሁ ባለቤት መጋረጃውን ገልጠው አንገታቸውን ብቅ አደረጉና፣ «ማን ነው የሞተው? ኧረ በአላህ ንገሩኝ» አሉ።

አንደኛው ወላጅ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ቄስ መላኩ «አበስኩ ገበርኩ» አሉ። ሸህ እንድሪስ ግን ፊታቸው ጠቆረ። በገዛ ቤታቸው፣ በሽምግልና መሐል፣ ሚስታቸውን በቁማቸው የቀበረ ሰው ፊታቸው ተንበርክኳል። «ይህ ልጅ እየቀለደብን ነው» ብለው ሊነሡ ምርኩዛቸውን ያዙ። ሽማግሌ ተቆጥቶ ከተነሣ ዕርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ርዕሰ መምህሩም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የዝውውሩ ነገር አለቀለት።

እኔ የይመርን እጅ እያየሁ ነበር። የጦይባን ጉልበት ለቆ ምንጣፉ ላይ ይዳብስ ጀመር፤ የቀረችውን፣ ትክክለኛዋን ሴት ይፈልግ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ የመጣብኝ፤ ቆቡ፣ ጠመኔዎቹ፣ «ቁሚና ንገሪኝ» የሚለው፣ በለቅሶዬ ቀን ወደኔ ዞሮ ባዶ ሆኖ የቀረው ፊቱ።

«ይመር» አልኩ። «አስካል እኔ ነኝ። እዚህ ነኝ።»

ወደ ድምፄ ዞረ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። የተያዘ ሰው ፊት ነበር።

«ስንት ሰው ነው የምታየው?» አልኩት።

«እናንተ ስንት ናችሁ?» አለ።

«ከጓዳ ካሉት ጋር ስምንት።»

«ለኔ አርባ ትሆናላችሁ» አለና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ሁሉንም ነገር ተናገረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ያሸዋል። መነጽር ገዝቶ ነበር፤ በየዓመቱ ሲቀይር ቆይቶ በመጨረሻ የትኛውም አልሠራ አለው። ደሴ የታየበት ሐኪም ከዓይኑ ፊት ያለው፣ እንደ መስታወት የጠራው ሽፋን እየሳሳና ወደ ፊት እየሾለ እንደሚሄድ፣ ቶሎ አዲስ አበባ መድረስ እንዳለበት ነግሮታል። «ዕድሜዬን ሙሉ ሾጣጣ ሳስተምር ኖሬ ዓይኔ ላይ በቀለ» አለ፤ ሊያስቀን ፈልጎ። ማንም አልሳቀም። አዲስ አበባ አልሄደም። ለሕክምና ፈቃድ ከጠየቀ ምክንያት ይጻፋል፤ ምክንያቱ ከተጻፈ ክፍሉን ይነጠቃል። «ሰው የቆመ ይሁን የተቀመጠ አያለሁ። ማን እንደሆነ ነው የማላየው። ፊታችሁ ተደራርቦ ነው የሚመጣብኝ። እየገመትኩ ሰላም ብል እሳሳታለሁ፤ ከተሳሳትኩ ትነቁብኛላችሁ። ስለዚህ ኮራሁ» አለ።

በሽምግልና ላይ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው ሰው ወደሱ የሚመጣው። ሸህ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ሄደው ይመር ፊት፣ ምንጣፉ ላይ፣ ቁጭ አሉ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። እኔ እንድሪስ ነኝ» አሉት። «አብሽር።»

ቄስ መላኩ ተከተሉ፤ «መላኩ ነኝ፤ እንዴት አደርክ ልጄ?» ወላጆቹ ተነሡ፣ ስማቸውን እየተናገሩ ጨበጡት። ርዕሰ መምህሩ ስማቸውን ተናግረው፣ «ክፍሉ ያንተ ነው፤ መጀመሪያ ታከም» አሉት። ጦይባ እንኳ ሻይ የነካውን ሽርጧን እየጠረገች፣ «ጦይባ ነኝ፤ እናቴ ደህና ናት» አለችውና ያኔ ሁላችንም ሳቅን፤ ይመርም ሳቀ። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። «አስካል ነኝ» ብዬ ፊቱ ተንበረከክሁ። ይቅርታ ጠያቂውና ተጠያቂዋ ቦታ ተለዋወጥን።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄደ። ወር ቆይቶ ሲመለስ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ካለው አግዳሚ ላይ አገኘሁት። የግራ ዓይኑን ጠብታ እየጨመሩ በብርሃን አጠንክረውለታል፤ ከዚህ በላይ አይከፋም ብለውታል። ቀኙ ግን ጊዜው አልፏል። ሽፋኑ በጣም ሳስቶ ጠባሳ ይዟል፤ አንድ ቀን ተራ ደርሶት ከሞተ ሰው የተለገሰ ብሌን እስኪተካለት መጠበቅ ነው።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አልኩት።

«አንድ ዓመት ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ ሁለቱንም እናድንልህ ነበር አለኝ።»

አንድ ዓመት። ስቆጥረው ያ ስሙን ሳጠፋ የኖርኩበት ዓመት ነው። «ይመር፣ ያንን ሁሉ ያወራሁብህ እኔ ነኝ፤ ሰምተህ ይሆናል» አልኩት።

«በመስኮት እሰማሽ ነበር» አለ። «እውነቱን ልንገርሽ? ደስ ይለኝ ነበር። ወላሂ። ኮራ ካሉኝ ዓይኔን አልነቁብኝም ማለት ነው፤ አንድ ሴሚስተር አተረፍኩ እል ነበር። አንቺ ጮክ ብለሽ ስታወሪ በሆዴ አላህ ይስጣት እልሽ ነበር።»

«ያተረፍከው ዓይንህን አስበልተህ ነው እንዴ?»

«እሱንማ ተሳሳትኩ» አለ። «የሒሳብ መምህር ሆኜ ስሌቱን ተሳሳትኩ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሐሜቴ ጎድቶት ቢሆን ይቅርታ እጠይቅበታለሁ። ጠቅሞት፣ መደበቂያ ሆኖት፣ ተደብቆም ዓይኑን ላጣበት ነገር ግን ምን ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል? ሁላችንም ዓይን አለን ባዮች ነበርን፤ ከሱ ጋር በየቀኑ ስንተያይ አንዳችን እንኳ «ምን ሆነሃል?» አላልነውም። ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እዚያው አጠገቡ ሆኜ ስነፋረቅ ሊያጽናናኝ፣ ኮራ ከመባሉ በፊት በነበረው የረመዳን ማለቂያ ላይ የሆነውን ነገረኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ አዲሷን ጨረቃ ለማየት ወደ ምዕራብ አንጋጦ ነበር። «ሰው አንዷን አጥቶ ሲጨነቅ እኔ ሰባት አየሁ። ሰባት ቀን ዒድ ልናከብር ነው ወይ ብዬ ማንን ልጠይቅ? ዝም ብዬ ቤቴ ገባሁ» አለኝ። በዕንባዬ መሐል ሳቅሁ። ነገሩ ከመነጽር በላይ እንደሆነ ያወቀው ያን ቀን ነው።

ክፍሉን ማንም አልነጠቀውም። ልጆቹ ደብተራቸውን ጮክ ብለው እያነበቡለት፣ ያሰቡበትን መንገድ እየተናገሩለት ያስተምራል፤ ወላጆችም መንገድ ላይ ስማቸውን እየተናገሩ ሰላም ይሉታል። ለግራ ዓይኑ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ አንዲት ጠንካራ ሌንስ አሠራ፤ ዓይኑ ላይ የምትለጠፍ፣ ከጥፍር የማትበልጥ። እሷን ሲያደርግ ሰው አንድ ይሆንለታል፤ ፊትም ፊት። ነገር ግን የመካነ ሰላም አቧራ ከሥሯ ሲገባ እሾህ ነው የምትሆንበት፤ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ አይችላትም፤ ከዚያ በላይ ካደረጋት በማግሥቱ ዓይኑ ተዘግቶ ይውላል።

ስለዚህ ማየትን መመጠን ጀመረ። እኔ ለክፍል የሚያደርጋት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስገባ ያለሷ ሲያስተምር አገኘሁትና ተቆጣሁት። «ይህን ሁሉ መንገድ ሄደህ ያሠራኸውን በብልቃጥ ውስጥ ልታስቀምጠው ነው?»

«እዚህ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። «እዚህ ልጆቹ በድምፃቸው ይመጡልኛል። መንገድ ላይ ያለው ሰው ነው የሚያመልጠኝ። ሰው ስሙን እየነገረ ሰላም ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ግን እትዬ፣ ሁልጊዜ ተቀዳሚ መሆን ሰለቸኝ። እኔም መቅደም እፈልጋለሁ።»

ለገበያ ቀን ነበር የሚያስቀምጣት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አብሬው ወጣሁ። የገጠሩ ሰው ከየአቅጣጫው በሚመጣበት መታጠፊያ ላይ ቆመ። ያንን መቆም ማየት ነበረባችሁ። ገና ከሩቅ፣ ሰውየው ቀና ሳይል፣ «አባ ይማም! ጥጃዋ ዳነች ወይ?» ይላል። «እማማ ዘነበች፣ ያ ልጅ ከደሴ ደወለ?» ይላል። መንገድ ይሻገራል፣ የበቅሎ ልጓም ይይዛል፣ የስንቱን ሕፃን ጉንጭ ይዞ፣ «ይሄ መቼ ነው የተወለደው? እኔ ሳላይ!» ይላል። ዕቃ የጫነ አይሱዙ አልፎ አቧራውን ሲያለብሰን የግራ ዓይኑ ቀላ፣ ዕንባው በጉንጩ ላይ ይወርድ ጀመር። ሰው የሚያለቅስ መስሎት ይደነግጣል።

«ይበቃል» አልኩት። «ይመር፣ አውጣት፤ ዓይንህን ልትጨርሰው ነው። ብልቃጧን አምጣ፣ እኔ እይዝልሃለሁ።»

ዕንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ እንዳያሸው ተጠንቅቆ፣ ጉንጩን ብቻ። ከቁልቁለቱ በኩል ብርድ ልብስ የለበሱ ሰዎች ብቅ ብቅ ይሉ ነበር።

«ትንሽ ታገሺኝ እትዬ» አለኝ። «ገና ሰው እየመጣ ነው።» ከዚያም ቀድሞ እጁን አነሣ።